ጠርሙሱ ከመሸጡ በፊት ስኳሩ ይለካ!

ቱም ላይ አንድ አዛውንት ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ እንበል። ጎረቤት «እርጅና ነው» ይላቸዋል። የልጃቸው ስልክ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ደግሞ ፕሮስቴት ነው ብሎ፣ ዋጋ ጠርቶ፣ ባሉበት እናደርሳለን ይላል። ሁለቱም አልመረመሯቸውም።

ሌሊት ሽንት መመላለስ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። የፕሮስቴት እጢ ማደግ ሊሆን ይችላል። ስኳር ሊሆን ይችላል። የልብ ድካምም ሊሆን ይችላል፤ ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ሲተኙ ወደ ደም ተመልሶ በኩላሊት ይወጣል። ማታ የተዋጠ የግፊት ክኒን፣ ወይም በቡና አገር አመሻሽ ላይ ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣ ቡናም ያስነሳል። ሴቶችስ? ፕሮስቴት የላቸውም፤ ሌሊት ግን ይነሳሉ።

እውነተኛው መድኃኒትም ቢሆን ተአምር አይሠራም። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዚሁ ችግር ኖክቲቫ የተባለ የዴስሞፕሬሲን የአፍንጫ ርጭት ፈቀደች። በጥናቱ ከባዶ ርጭት ጋር ሲነጻጸር የቀነሰው በሌሊት ከግማሽ ጊዜ ያነሰ ነው። የደም ሶዲየምን አውርዶ ሊገድል ስለሚችልም ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር፤ ሶዲየም ሳይለካ አይሰጥም ነበር። ሻጩ የአቫዴል ቅርንጫፍ በ2019 ኪሳራ አወጀ። ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲንም ሲነሱ ግፊት ጥሎ ያዞራል። በጨለማ ደጅ ወዳለ መጸዳጃ ለሚሄዱ ሽማግሌ መዞር ማለት መውደቅ ነው፤ መውደቅ ደግሞ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል።

በላቦራቶሪ የሚታዘዘው እንዲህ ከሆነ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቀው ጠርሙስ እንዴት ይሆናል? ዋናው ጉዳቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው የፕሮስቴት ጠርሙስ ሲጨልጥ ወራት ያልፋሉ፤ ዓይኑና ኩላሊቱ ግን አይጠብቁትም።

አዋጅ 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሱቅ መደርደሪያ ብቻ ሳይሆን የስልክ ገበያውንም ይቆጣጠር። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልልም ጤና ጣቢያዎቹን በሦስት ነገር ይመዝን፦ የስኳር መለኪያ፣ የግፊት መለኪያ፣ የሽንት ምርመራ። ሦስቱም ውድ አይደሉም። ከቱም ተነስቶ ሚዛን አማን ሆስፒታል መድረስ ግን ለደካማ ሰው ውድ ነው።

ቤተሰብም የድርሻውን ይወጣ። የሦስት ቀን የመጠጥና የሽንት ሰዓት በደብተር ይጻፍና ለሐኪም ይቅረብ። ከማንም ነጋዴ ጠርሙስ ይልቅ ያ ደብተር ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።