የሚጠብቅና የሚጠበቅ



መከራ በጠናበት ዘመን ሁሉ የሰው ልጅ የሚመጣ አዳኝ ሲጠብቅ ኖሯል። አይሁድ መሲሕን፣ ሂንዱዎች ካልኪን፣ የቡድሃ ተከታዮች ማይትሬያን፣ ዞሮአስትራውያን ሳኦሽያንትን ይጠብቃሉ። በሐርጌሳ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የሚሰግድ ሙስሊምና በጎንደር የሚያስቀድስ ክርስቲያን በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ የማርያም ልጅ ዳግም እንደሚመጣ ሁለቱም ያምናሉ።

በአገራችን ፍካሬ ኢየሱስ የተሰኘው መጽሐፍ ከረጅም መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ፍትሕንና ሰላምን እንደሚያሰፍን ይናገራል። በዘመነ መሳፍንት መኳንንቱ ሲዋጉ ጎተራው ይራቆት የነበረው ገበሬ በዚህ ተስፋ ይጽናና ነበር። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህንኑ ስም መረጡ። ስም ብቻውን ግን አገር አያቀናም። ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደመወዝ ለመቁረጥ ሞከሩ፤ መንገድ አስጠረጉ፤ በጋፋት መድፍ አሠሩ። የተጠበቀው ሰላም ግን ሳይሰፍን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸው አለፈ።

በእኚሁ ንጉሥ ዘመን፣ በ1854 ዓ.ም.፣ አባ መሃሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ የመዳን ቀን ደርሷል ብለው ሕዝባቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ይዘው ተነሡ። ቤተሰቡ ቀዬውንና እርሻውን ትቶ ተከተላቸው። ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ብዙዎቹን ፈጀ፤ ባሕሩን ሳያዩ ቀሩ።

በሱዳን ደግሞ መሐመድ አሕመድ በ1873 ዓ.ም. መህዲ ነኝ ብለው ተነሡ። በግብፅ አገዛዝ የተማረረው ሕዝብ ተከተላቸው። እርሳቸው በ1877 ዓ.ም. ቢሞቱም ጦራቸው በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠለ፤ በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። ለአንዱ ሕዝብ ተስፋ የሆነው ለጎረቤቱ እሳት ሆነ።

እንግዲህ ተስፋ ማድረግ ስሕተት ነውን? አይደለም። ተስፋ ባይኖር ያ ገበሬ ለከርሞ ዘር ባላስቀረም ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ቀኑን ቆርጠን እርሻችንን ስንተው፣ ወይም በተስፋችን ስም በሌላው ላይ ሰይፍ ስናነሣ ነው።

በቋንቋችን «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ የሚመጣውን ተስፋ ማድረግና ያለውን ከጥፋት መከላከል። ወታደሩ በምሽጉ ሆኖ ወገኑን ይጠብቃል። ባለቤቱም በቤቷ እርሱን ትጠብቃለች፤ ስትጠብቀውም እጇን አጣጥፋ አይደለም። ልጆቹን ታስተምራለች፤ ጓሮውን ትኮተኩታለች፤ የታመመ ጎረቤት ትጠይቃለች። እርሱ በተመለሰ ቀን የሚገባበት ቤት ቆሞ የሚገኘው በዚህ ነው። የሚመጣውን የሚጠብቅ ሁሉ በእጁ ያለውን ይጠብቅ እንላለን።