ያተረፈ ሰው ምን ይገባዋል?

በዛሬው ጽሑፋችን ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተነስተን ወደ ባሕር እንወርዳለን። ቃሉ «ሳልቬጅ» ነው።

በተራው አነጋገር ሳልቬጅ ማለት ከጥፋት የተረፈን ነገር ማውጣት ማለት ነው። ከተቃጠለ ቤት በሩን ነቅሎ መውሰድ፣ ከፈረሰ ግንብ ብረቱን መልቀም፣ የተጋጨ መኪና ፈታትቶ ዕቃውን መሸጥ ሁሉ በዚህ ቃል ይጠራል። በእኛ ዘንድ የቆራሌውና የምናለሽ ተራ ሥራ ነው ብንል አንሳሳትም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኢንሹራንስ «መጠገኑ አያዋጣም» ብሎ የተወው መኪና በባለቤትነት ሰነዱ ላይ ይኸው ቃል ይጻፍበታል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ተጠግነው በሻርጃ ገበያ ስለሚሸጡ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወንድሞቻችን ቃሉን ያውቁታል። (ይህን ደብቆ የሚሸጥ ነጋዴ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ነውና ለሌላ ጊዜ እናቆየው።)

በባሕር ሕግ ግን ቃሉ የሚያመለክተው የተረፈውን ዕቃ ሳይሆን የማዳኑን ሥራ፣ እንዲሁም ለዚያ ሥራ የሚከፈለውን ወሮታ ነው። ለዚህኛው ትርጉም አማርኛችን የተሻለ ቃል አለው። «አተረፈ» ስንል ሰውን ወይም ንብረትን ከአደጋ አወጣ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴው ከሽያጩ ጥቅም አገኘ ማለታችንም ሊሆን ይችላል። የባሕር ሕግ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ያስኬዳቸዋል።

በእንግሊዝ ሕግ የጎረቤቱን ንብረት ሳይጠየቅ ከእሳት ያወጣ ሰው በመርሕ ደረጃ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ምስጋና ካገኘ ጥሩ ነው፤ ካላገኘም ዝም ይላል። መርከብን ወይም ጭነትን ከባሕር አደጋ ያዳነ ግን ወሮታ የመጠየቅ መብት አለው። ይህም እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ላይ በተፈረመውና በ1996 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደንግጓል። መብቱ የሚገኘው ግን በቀላሉ አይደለም። አደጋው እውነተኛ መሆን አለበት። አዳኙም ግዴታ የሌለበት ሰው ሊሆን ይገባል፤ የመርከቡ ሠራተኞች ወይም መርከቡን ወደ ወደብ የሚመራው ፓይለት የተቀጠሩበትን ሥራ ስለሠሩ ብቻ ወሮታ አይጠይቁም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተረፈ ነገር መኖር አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ከማዕበል ጋር ሲታገል አድሮ መርከቡ ከሰጠመ አዳኙ ባዶ እጁን ይመለሳል። ወሮታውም ከተረፈው ንብረት ዋጋ ሊበልጥ አይችልም።

ይህ «ካልዳነ ክፍያ የለም» የሚለው ደንብ ያስከተለው ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 1978 አሞኮ ካዲዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፈረንሳይ ብሪታኒ አጠገብ መሪዋ በተበላሸ ጊዜ ለመጎተት ከመጣችው መርከብ ጋር በውሉ ላይ ለሰዓታት ክርክር ነበር። በመጨረሻ መርከቧ ከዐለት ጋር ተላትማ ወደ 220,000 ቶን የሚሆን ነዳጅ ባሕር ላይ ፈሰሰ። በ1989ኙ ስምምነት መርከቡን ማዳን ባይችል እንኳ ባሕሩን ከብክለት ለመጠበቅ የደከመ አዳኝ ወጪው እንዲተካለት የተደረገው ከእንዲህ ያለው ጥፋት በኋላ ነው።

ብዙ ሰዎች ባሕር ላይ ተጥሎ የተገኘ መርከብ ላገኘው ይሆናል ብለው ያምናሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ባለቤትነቱ አይጠፋም፤ አዳኙ ያለው ወሮታው እስኪከፈለው ድረስ በመርከቡ ላይ የሚያነሳው መብት ነው። በሸሪዓችንም ቢሆን ወድቆ የተገኘ ንብረት፣ ማለትም ሉቀጣ፣ ምልክቱ ተይዞ አንድ ዓመት ይነገርበታል እንጂ አንስቶ ኪስ መክተት የለም።

ስለ ወሮታው ዑለማዎቻችን በሰፊው ተወያይተውበታል። በሱረቱ ዩሱፍ እንደምናገኘው የንጉሡ መስፈሪያ በጠፋ ጊዜ ላመጣው ሰው የአንድ ግመል ጭነት እንደሚሰጥ ታውጆ ነበር። ሊቃውንቱ «ጁዓላ» ለሚሉት የወሮታ ቃል ኪዳን ይህን መነሻ ያደርጋሉ። ታዲያ ቃል የገባለት ሳይኖር፣ ባለቤቱም ሳይፈቅድለት ያዳነስ? በአገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒይ መዝሐብ ምንም አይገባውም፤ በፈቃዱ እንደለገሰ ይቆጠራል። የሐንበሊ መዝሐብ ሊቃውንት ግን የሌላውን ንብረት ከጥፋት ያወጣ ሰው ባይፈቀድለትም የሥራውን ተመጣጣኝ ዋጋ ያገኛል ይላሉ። ምክንያታቸውም ሰዎች የወገናቸውን ንብረት ለማዳን እንዲነሳሱ ነው። የባሕር ሕግ አዋቂዎችም የሚሰጡት ምክንያት ይኸው መሆኑ የሚገርም ነው።

የወሮታው መጠን ምን ያህል ሊያጣላ እንደሚችል ኤቨር ጊቭን አሳይታናለች። 400 ሜትር የምትረዝመው ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2021 የስዊዝን ቦይ ዘግታ ከስድስት ቀን በኋላ በቆፋሪዎችና በጎታች ጀልባዎች ብርታት ተላቀቀች። የቦዩ ባለሥልጣን በመጀመሪያ 916 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ለማዳኑ ሥራ ጉርሻ፣ ሌላ 300 ሚሊዮን ደግሞ ለጠፋው መልካም ስም የተጠየቀ ነበር። መርከቧ እስከ ጁላይ 7 ድረስ ታግዳ ቆየች። ስምምነት የተደረሰበት የገንዘብ መጠንም ይፋ አልሆነም። የማዳኑን ወጪ የሚጋራው የመርከቧ ባለቤት ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል። አንድ ኮንቴይነር ዕቃ የጫነ ነጋዴም እንደ ዕቃው ዋጋ ድርሻውን ይሸከማል።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ንብረት ነው። የሰው ነፍስስ? በባሕር ሊጠፋ ለተቃረበ ሰው ሁሉ መድረስ የካፒቴኑ ግዴታ ነው፤ የዳነው ሰውም አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። ይህ ተገቢ ነው፤ ነፍስ በዋጋ አይተመንም። ነፍስ ያዳነ ሰው ድርሻ የሚያገኘው በዚያው አደጋ ንብረት ያተረፉ ሌሎች ሲኖሩ ከእነሱ ወሮታ ላይ ነው። ጀልባው ሰው እንጂ ዕቃ ካልጫነ ግን የሚካፈሉት ነገር የለም። ከኦቦክ ተነስተው ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆቻችን የሚሳፈሩበት ጀልባ እንዲህ ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2001 ታምፓ የተባለች የኖርዌይ መርከብ ልትሰጥም ከነበረች ጀልባ ከ430 በላይ ሰዎችን አወጣች። አብዛኞቹ አፍጋናውያን ነበሩ። አውስትራሊያ አላስገባም በማለቷ መርከቧ ጭነቷን እንደያዘች ለቀናት ባሕር ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት በ2004 ተሻሽሎ፣ መንግሥታት ተባብረው የዳኑትን ሰዎች በመቀበል ካፒቴኑን ከመንገዱ ብዙ ሳያስቀሩ እንዲያሰናብቱት ተደነገገ። ለባከነው ነዳጅና ለባከኑት ቀናት ግን ስምምነቱ ክፍያ አልወሰነም።