ልጅ ይዞ ስታዲየም

ከስታዲየም የተመለሰን ትልቅ ሰው ውጤት ጠይቁት። ጎሉን ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ፣ ዳኛው እንዴት እንደበደለ ሳይቀር ይዘረዝራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም የገባን የአምስት ዓመት ልጅ ግን ስለ ውጤት መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። እሱ የሚያወራው ስለ ከበሮው ነው። ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ስለሚጨፍረው ጋሼ ነው። በቴሌቪዥን ሲያያት በመዳፉ የሚሸፍናት ያቺ አረንጓዴ ሜዳ በአንድ ጊዜ ከዓይኑ በላይ ስለመስፋቷ ነው። ጎል ሲገባ ሁሉም ሰው ብድግ ስለሚል ሳያየው ያመልጠዋል፤ ቀጥሎም የአባቱን እጅ ጎትቶ "አባዬ፣ አሁን ድጋሚ ያሳዩናል?" ይላል። ድጋሚ የሚባል ነገር እዚህ እንደሌለ የሚማረው ያኔ ነው።

"ዳኛው የየትኛው ቡድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅም አለ። አጠገቡ ያለው ደጋፊ ታዲያ ዝም አይልም። "እሱን እኛም ስንጠይቅ ነው የኖርነው፣ የኔ ልጅ!" ይለዋል። አካባቢው በሳቅ ይሞላል። ልጁ ለምን እንደተሳቀ ባይገባውም አብሮ ይስቃል።

የአባትየው ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ከልጁ ጋር የመጀመሪያ ቀን ስታዲየም የገባ አባት ጨዋታውን በቅጡ አያየውም። አንድ ዓይኑ ሜዳ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ልጁ ፊት ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቅያሪ ሳያመልጠው የኖረ ደጋፊ ያን ቀን የማዕዘን ምቱን ትቶ የልጁን የጫማ ክር ሲያስር ይገኛል። ቡድኑ ተሸንፎም ፈገግ ብሎ ቢወጣ ሊገርም አይገባም። የመጀመሪያ ቀን አንዴ ነው። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ልጁ ከበሮውን ለምዶታል።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር እያለ የአዲስ አበባ አባት ልጁን ቤት ጥሎ የሚሄደው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ብር ወይም ጊዜ አይደለም። ምክንያቱ አፍ ነው። ካታንጋም ሆነ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼም ሆነ ጥላ ፎቅ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። የሸገር ደርቢ በተደረገ ቁጥር ከፈረሰኞቹም ከቡናማዎቹም ወገን እየተቀባበለ የሚወርደው ስድብ፣ ልጅ "ይህ ምን ማለት ነው?" ብሎ ቢጠይቅ አባት የሚመልሰው ያጣል። ስድቡ ደግሞ የሚጀምረው ከእናት ነው። አባትየው የልጁን ጆሮ በሁለት እጁ ይሸፍናል። የስንት ደቂቃ? ጨዋታው ዘጠና ደቂቃ ነው። እናትማ ልጇን ይዛ ልምጣ ብትል ገና ከበሩ ሰልፍ ላይ ትመለሳለች።

ስታዲየሙ ግን እንዲህ ብቻ አልነበረም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ጨዋታው የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። የሉቺያኖ ቫሳሎንና የመንግሥቱ ወርቁን ጎል ያን ቀን በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ያዩ ልጆች ካሉ ዛሬ የሰባ ዓመት ጎረቤት ሆነዋል። ለልጅ ልጆቻቸው ሊያወሩት ይችላሉ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱም ቦታው እዚሁ ነበር። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣ ቡድን ነው እንግዲህ። ያን እሁድ ልጁን ይዞ የገባ አባት ለልጁ ከሰጠው ስጦታ ሁሉ ያ እንደሚበልጥ ማንም አይከራከረውም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማየት ነው የሚያሳዝነው። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እንደገና ግብፅን አሸነፈች፣ 2 ለ 0። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። አገር ቤት ያሉት ሜዳዎች የካፍን መስፈርት አላሟሉም ተብለው ብሔራዊ ቡድኑ "የሜዳዬ" የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር እንዲያደርግ ከተገደደ በኋላ ማለት ነው። ቀደም ሲል በኅዳር ወር ከጋና ጋር "በሜዳው" የተጫወተው ጆሃንስበርግ ላይ ነበር። በስንት ጊዜ አንዴ የሚገኝ ድል ተገኝቶ፣ አንድ የመርካቶ ወይም የጎንደር ልጅ "አባቴ ይዞኝ ሄዶ አየሁት" ሊል አልቻለም። ስለ መስፈርት ሲወራ ስለ መብራቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መልበሻ ክፍሉ ነው የሚወራው። የጠፋው ይህም ነው፤ ማንም አልቆጠረውም።

በክለብም ደረጃ ያው ነው። ከ2013 ዓ.ም. አንስቶ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድና በሱፐርስፖርት መተላለፍ ጀመረ። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለክለቦች መልካም ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላይ የሚጫወተውን ክለቡን የአዲስ አበባ ሕፃን ሶፋ ላይ ሆኖ ነው ያየው። ሶፋ ላይ ደግሞ ሪሞቱ አጠገቡ አለ። አንድ ቁጥር ሲጫን አርሴናል ይመጣል። ከዚያ በኋላ "የዛሬ ልጅ የአገሩን ክለብ አያውቅም" ብሎ ማማረር ምን ይባላል? ማን አሳየው?

አፉን በተመለከተ ግን መፍትሔ የለም የሚል ካለ ወደ ኢስታንቡል ይመልከት። መስከረም 2004 ዓ.ም. ፌነርባቼ ደጋፊዎቹ ባስነሱት ረብሻ ያለ ተመልካች እንዲጫወት ተፈርዶበት ነበር። የቱርክ ፌዴሬሽን ቅጣቱን አሻሻለና "ወንድ አይገባም፤ ሴቶችና ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይግቡ" አለ። ስንት ሰው መጣ ቢባል ከ41 ሺሕ በላይ! ከማኒሳስፖር ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። ተጋጣሚው ቡድን ሲገባ ያስተናገደው ጩኸትና ፉጨት ሳይሆን ጭብጨባ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ? ከድሮም እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። በሩ ነው የተዘጋበት።

እዚህ ወንዶቹ ይውጡ የሚል የለም። አንድ ጥግ ይበቃል። ከትሪቡኑ አጠገብ አንድ መደዳ ለቤተሰብ ቢከለል፣ በሩ ለብቻው ቢሆን፣ ንጹሕ ሽንት ቤት ቢኖር፣ ልጅ የያዘ ሰው ከዋናው ሰልፍ ጋር ባይጋፋ፣ ይህ የካፍን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም። ክለቦቹ የደጋፊ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሮቹ ከበሮ መቺ ይመድባሉ፣ አውቶቡስ ይከራያሉ፣ ማልያ ይሸጣሉ። ያን ጥግ የሚጠብቁ አሥር ሰዎች መመደብ ያቅታቸዋል ብሎ ማመን ይከብዳል። ተሳዳቢውን ዝም የሚያሰኘው ፖሊስ አይደለም፤ የራሱ ማልያ የለበሰ ጓደኛው "ሕፃን አለ!" ሲለው ነው። ካታንጋም ቢሆን ለዚህ ቃል ጆሮ አለው።

አባቶችም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ልጁን ስታዲየም የሚወስደው ጨዋታ ለማሳየት ሳይሆን ጠላት ለማስተዋወቅ የሆነ አባት አለ። አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ በተቃራኒው ቡድን ላይ ጣት ማስቀሰር፣ "በላቸው!" እያሉ ማስጮህና በሞባይል መቅረጽ እንደ ጨዋታ ተይዟል። ልጁ የአባቱን ደስታ አይቶ ነው የሚጮኸው። ያን ዕለት አባቱ ለሁለቱም ቡድን ቢያጨበጭብ ኖሮ እሱም ያጨበጭብ ነበር።

ደግሞ ሁሉም ነገር ኳስ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ አንደኛ በወጣበት በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ የልጆች ውድድርም አለው። ቁጥሩ ደረቱ ላይ የተለጠፈለት ሕፃን እየሮጠ እናቱን ፍለጋ ዞር ሲል፣ ወድቆ ተነስቶ ሲሮጥ፣ ከመድረሻው መስመር በፊት ቆሞ ሲያጨበጭብ ማየት ብቻውን የቀን ደስታ ነው። ጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ሲኖር አጥርና ትኬት ሳይበዛ ሯጮቹን በሁለት ሜትር ርቀት ማየት ይቻላል። የሩጫቸውን ድምፅ፣ ትንፋሻቸውን፣ ከጫማቸው የሚነሳውን አቧራ ቴሌቪዥን አያመጣውም። የሰፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ የክረምት ውድድርም ለመጀመሪያ ቀን ከበቂ በላይ ነው። ተጫዋቹ የታክሲ ረዳቱ ጋሼ መሆኑን ልጁ ሲያውቅ የሚሆነውን ማየት ነው።

ለማንኛውም ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ደርቢውን ለጊዜው ይተወው፤ ቀለል ባለ ጨዋታ ይጀምር። ውኃና ሹራብ ይያዝ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታመንም። መውጫው አጠገብ ይቀመጥ። ልጁ በ60ኛው ደቂቃ እንቅልፍ ከወሰደው ደግሞ አቅፎት ይውጣ እንጂ "ጨዋታው ሳያልቅ" ብሎ አይቀስቅሰው። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ማታ በዜና ያየዋል።