ሲኒማ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም

ስለ ኃይሌ ገሪማ የሚናገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚቈጥረው ሽልማቱን ነው። «ጤዛ» የተባለው የሲኒማ ሥራው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓመት በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ በ2009 ዓመትም በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ መቀበሉ እውነት ነው፤ ክብሩም የአገር ክብር ነው። ነገር ግን ሽልማትን ብቻ መቍጠር ክፉ አሳብ ይወልዳል፤ ይኸውም «እንዲህ ያለ ታላቅ ሰው ከመካከላችን እስኪነሣ ድረስ በሆሳዕና፥ በሾኔ፥ በዱራሜና በአንጋጫ ያለን ሰዎች ተቀምጠን እንጠብቅ» የሚል ነው። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን የሰውየው የራሱ ሥራ ይመሰክራል።

ኃይሌ በዚያው አቈጣጠር በ1946 ዓመት በጎንደር ተወልዶ፥ ተረትን ከአያቱ፥ ተውኔትን ከአባቱ ከገሪማ ታፈረ ተማረ። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ ሲማርም ብቻውን አልነበረም፤ ከባልንጀሮቹ አንዱ ቻርልስ በርኔት «ቡሽ ማማ» ለተባለው ሥራው ካሜራ ይዞለታል። በ1976 ዓመት የወጣውን፥ የባለ ርስትንና የጭሰኛን ኑሮ የሚያሳየውን «ምርት 3000 ዓመት» የተባለውንም ሲሠራ፥ ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ነው፤ ከተጫወቱትም የሚበዙት በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። በ1993 ዓመት ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋን» አከፋፋዮች አንቀበልም ባሉት ጊዜ፥ እርሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ፥ ጥቁር ሕዝብም እየረዳቸው ራሳቸው አሳዩት። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብቻውን የሠራው የቱን ነው?

«እርሱ በአሜሪካ የተማረ ነው፤ እኛ ገንዘብም ትምህርትም የለንም» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ሆሳዕና ዛሬ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በውስጧ ነው። ካሜራም ከጐልማሳው ሁሉ ኪስ ገብቷል። የጐደለው ገንዘብ ሳይሆን መተባበር ነው።

የሚነገር ነገር ጠፍቶም አይደለም። «ጤዛ» ወደ ጀርመን ለትምህርት ሄዶ፥ በኋላም አካሉ ጐድሎ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ከሐዲያና ከከምባታ ይልቅ የሚያውቀው ማን ነው? ወደ ደቡብ አፍሪካ ልጁን የሸኘ ቤት ብዙ ነው። በሆሳዕና መንገድ ዳር የቆመው ፎቅ የመጣውን ገንዘብ ይናገራል እንጂ በመንገድ የቀረውን ልጅ አይናገርም። ፎቁን ብቻ እያየ ያደገ ታናሽ ወንድምም በዚያው መንገድ ይነሣል። የእናቲቱ ኀዘን በሐዲይሳና በከምባቲሳ ቋንቋ፥ በራሷ አንደበት ካልተነገረ፥ ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ እንደ ወደደ ይነግረዋል፤ እርሷም በታሪኩ ውስጥ ራሷን አታገኘውም።

ስለዚህ መምህሩ ይጻፍ፤ ልጇን የሸኘች እናት ትናገር፤ ከስደት የተመለሰው ያየውን ይመስክር፤ ዜማ የሚያውቅ ዜማውን ይስጥ፤ ነጋዴውም አዳራሹን ይክፈት። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላልና። የመጀመሪያው ሥራ ጉድለት ቢኖርበት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይሠሩ መጠበቅ ነው። የኃይሌን ክብር የሚወድ ሰው ሽልማቱን ከማመስገኑ አስቀድሞ ጎረቤቱን ጠርቶ ሥራ ይጀምር።