ሲስተም አይሸመደድም

በየስልካችን የሚዞረውን ፒዲኤፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የኢንተርቪው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» የሚለውን ማለታችን ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረን ሞጣ የተመለስን ልጆች ለሲስተም ኢንጂነርነት ሥራ ስንዘጋጅ መጀመሪያ የምንከፍተው እሱን ነው። «ፕሮሰስ ምንድን ነው? ትሬድስ? ልዩነታቸው?» እያልን እንደ ዳዊት እንደግመዋለን። እኛ የምንለው አጭር ነው፦ ይህ ዝግጅት ሳይሆን ራስን ማታለል ነው።

ለምን ቢሉ፣ ጠያቂው ሞኝ አይደለማ! የመጀመሪያው ጥያቄ ከፒዲኤፉ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የሚመጣው ከራሳችሁ መልስ ነው። «ሼል ላይ ኤልኤስ ጽፈን ኢንተር ስንመታ ምን ይሆናል?» ይላችኋል። «ሼሉ ፎርክ ያደርጋል፣ ልጁ ፕሮሰስ ኤግዜክን ይጠራል» ትላላችሁ። ጎሽ! «ፎርክ ስንት ጊዜ ይመለሳል?» ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ ነው፤ ለልጁ 0፣ ለወላጁ የልጁን መለያ ቁጥር ይዞ። «ልጁ ጨርሶ ወላጁ ዌይት ካልጠራስ?» ዞምቢ ሆኖ ይቀራል። አንዴ በገዛ እጁ ሼል የጻፈ ልጅ ይህን ሁሉ ሳይጨነቅ ይመልሳል። የሸመደደው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ላብ ያጠምቀዋል።

ደግሞ ይህን ለጎጃም ልጅ መንገር አያስፈልግም ነበር። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምህሩ ፊት አይቀርብም። የጓደኛውንማ ጨርሶ! ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ቆጥሮ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ደረጃ በደረጃ መወድስ ይደርሳል። የሲስተም ዝግጅትም መንገዱ ይኸው ነው። መጀመሪያ ፋይል ኮፒ የሚያደርግ ትንሽ የሲ ፕሮግራም፣ ቀጥሎ የራስ ሼል፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚያድል የራስ ማሎክ፣ በመጨረሻ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ሰርቨር።

«ሞጣ ተቀምጠን በምን ኢንተርኔት?» ትሉን ይሆናል። ቅሬታው እውነት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያ ምክንያት ኢንተርቪው ያመለጠውን ልጅ ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ወቀሳው ለዘጋው ነው። ለማጥናት ግን ሁልጊዜ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኤምአይቲ ለማስተማሪያ ያዘጋጀው ኤክስቪ6 የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የከርነል ኮዱ ከ10,000 መስመር ያነሰ ነው፤ ከነማብራሪያ መጽሐፉ በነፃ ይገኛል፣ ፍላሽ ላይም ይገባል። የሊነክስ ማን ፔጅ ላፕቶፑ ውስጥ ሊጫን ይችላል። ፕሮግራም ከከርነሉ ጋር የሚነጋገረውን አንድ በአንድ የሚያሳየው ኤስትሬስም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። አንዳችን ባሕር ዳር ስንሄድ እናውርድ፣ ለሌላው እንገልብጥለት። ላፕቶፕ የሌለው ካለው ጋር ይቀመጥ።

ስለዚህ ወገኖች፣ ያንን ፒዲኤፍ አጥፉት። በዚህ ሳምንት ሼል ጻፉ። ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡና አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይመልስ። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ጠያቂው «ለምን?» ይበል። መልስ የጠፋበት ቦታ ላይ ኮዱን ክፈቱት፤ ቀጣዩ ሳምንት የምታጠኑት እሱን ነው።