ላፕቶፑ ጠዋት ጠዋት ለምን ይቆማል?

የልጅ ልጄ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምታጠናበት ላፕቶፕ ጠዋት ጠዋት ስታክ እያደረገ አስለቀሳት። ጀሞ የሚገኝ ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ» አለ፤ የሦስት ወር ማስታወሻዋ ሊጠፋ ነበር።

እኔ በነርስነት ዘመኔ የበሽተኛን ትኩሳት በየሰዓቱ እመዘግብ ነበርና የሚቆምበትን ሰዓት ጻፍኩ፤ ሁልጊዜ እንደተከፈተ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን ታስክ ማናጀርን ስናይ አንቲቫይረሱ ዲስኩን 100 ፐርሰንት ይዞታል። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቀጥረው ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ የእኛ ላፕቶፕ ግን ሌሊት ተዘግቶ ስለሚያድር ውዝፉን ቀን ይሠራል።

አንቲቫይረሱን አላጠፋነውም፤ ቫይረስ በፍላሽ ስለሚዛመት ክትባት እንደማቋረጥ ነው። እራት ስንበላ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተን ክፍት እንተወዋለን፤ ፍተሻውን ያኔ ይጨርሳል። ጠዋት ለጥናት ነፃ ሆነ።

ወላጆች፣ «ፎርማት» ከመባሉ በፊት የልጆቹን ሥራ ገልብጡ፤ ሰዓቱንም መዝግቡ።