እናታችሁን ያደገችበት ከተማ ውሰዷት

እስቲ ዛሬ አንድ ነገር ልበል። በተለይ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሰሚት፣ አያት ላደጋችሁ ልጆች፤ የቀድሞ ተማሪዎቼም አላችሁበት። እናትና አባታችሁ ያደጉበትን ከተማ ስንቶቻችሁ ረግጣችሁታል? አብዛኞቻችን የምንሄደው ለለቅሶ ነው። ያኔ ደግሞ «ይሄ የማን ቤት ነበር?» ብለን የምንጠይቀው ሰው የለም። እኔ የምለው፣ በጣታቸው እያሳዩ መናገር በሚችሉበት ጊዜ ውሰዷቸው።

የእናቴ ከተማ አዋሽ ሰባት ናት፤ ባቡር የወለዳት ከተማ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ያሉ ብዙ ጣቢያዎች ከተማ ሆኑ። አያቴም የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የድሮው ባቡር መሃል ከተማ ነበር የሚገባው፤ ሻዩም ፍራፍሬውም በመስኮት ይሸጥ ነበር። መንገደኛው ባቡር ሲቆም ያ ሁሉ ገበያ አብሮ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ ጣቢያዎቹ አብዛኞቹ ከከተሞቹ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። እኛም ወደ ድሬዳዋና ሐረር ስንሄድ አዋሽን ምሳ በልተንባት እናልፋለን።

በ2016 ዓ.ም. እናቴን ይዘን ሄድን። በጎሮ ወጥተን፣ ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዘን፣ በአዳማ በመተሐራ አድርገን። በሰቃ ሐይቅ ጋ ስንደርስ «ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ትንሽ ነበር እኮ!» አለች። እውነቷን ነው፤ ሐይቁ ለአሥርት ዓመታት ሲሰፋ ነው የኖረው። ቤት ውስጥ «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» እያልን የምንነዘንዛት ሴትዮ አዋሽ ስትደርስ መንገድ መሪ ሆነች። ልጆቼ ከኋላዋ ኩስ ኩስ። አንዲት እናት በአያቴ ስም ለዩዋት፤ አብረው ነው የተማሩት። ተላቀሱ፣ ቡና ተፈላ፣ ስልክ ተለዋወጥን።

ጥቅሙን ያየሁት ግን በኋላ ነው። ታህሳስ 2017 ላይ የመሬት መንቀጥቀጡን ታስታውሳላችሁ። ቦሌ ፎቅ ላይ አልጋችን ሲወዛወዝ ከእንቅልፋችን ባንነን ወደ ደረጃው ሮጥን፤ በነጋታው ፌስቡኩ በቀልድና በጸሎት ተሞላ። መነሻው ፈንታሌ አካባቢ ነበር። በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ለብዙዎቻችን ዜና ነበር። እኛ ቤት ግን የሚደወልለት ሰው ነበረ። እናቴ ገና ሳይነጋ ለጓደኛዋ ደወለች፤ «ውጭ ነው ያደርነው» አሏት። በዚያው ሳምንት ከወንድሞቼ ጋር ሆነን ሸራና ብርድ ልብስ ላክን። ያን ጉዞ ባንሄድ ኖሮ ለማን እንልክ ነበር?

«እዚያ የቀረ ዘመድ የለንም» የምትሉ አላችሁ። እኛም አልነበረንም፤ ሄደን ነው ያገኘነው። «መንገዱስ?» ለምትሉ ስጋቱ እውነት ነው፤ ቀድማችሁ እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ፣ ደህና ካልሆነ አትሂዱ፣ ሲረጋጋ ሂዱ። ስትሄዱ ግን ፎቶ ተነስታችሁ አትመለሱ። እደሩ። ቡና ጠጡ። ስልክ ተቀበሉ።

እስቲ የእናት የአባታችሁን ከተማ ስም ከታች ጻፉልኝ። መቼ እንደምትወስዷቸውም ጨምሩበት።